ከበርበሬው ጋር ያልገቡት ሁለት ወረቀቶች

ሻንጣ የምንመዝንበት ሚዛን ከጎረቤት ተውሰን ነበር። በሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። እናቴ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ የልጆቹን ጋቢ ስታስገባና ስታወጣ አንድ ሳምንት ሙሉ አለፈ። አገር ለቅቃችሁ የምታውቁ ወይም ልትለቁ የተነሣችሁ ከሆነ ይህን ሳምንት ታውቁታላችሁ። ቤቱ ሁሉ ወለል ላይ ይዘረገፋል፤ ሰው ሁሉ ምክር ይሰጣል። የትምህርት ማስረጃችሁን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን፣ የልጆቹን የክትባት ካርድ አትርሱ ይላችኋል። እኛም አልረሳንም። ሁሉንም አስተርጉመን፣ አረጋግጠን፣ በእጅ ቦርሳ ያዝን።

ሁለት ወረቀት ግን ቀረ። አንደኛው ከመቼ ጀምሮ መንጃ ፈቃድ እንዳለን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመድን ድርጅታችን «እነዚህ ደንበኞች ይህን ያህል ዓመት የካሳ ጥያቄ ሳያቀርቡ ቆይተዋል» ብሎ የሚጽፍልን። ሁለቱ ወረቀት አንድ ላይ ቢመዘን የአንድ ማንኪያ በርበሬ ያህል አይከብድም። ባለመያዛችን የከፈልነው ግን ከአውሮፕላን ቲኬታችን አንዱን ይገዛ ነበር።

ካናዳ፣ ቶሮንቶ የገባነው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። እኔ አዲስ አበባ ላይ አሥራ ሦስት ዓመት ነድቻለሁ። ባለቤቴ ከእኔም ይበልጣል። መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ቀለበት መንገድን በዝናብ፣ ሜክሲኮ አደባባይን ትራፊክ ፖሊስ በሌለበት ያለፈ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ይፈራል? እንዲያ ነበር የምናስበው። ደግሞም በሁለቱም አገር የሚነዳው በቀኝ ነው። ባለቤቴ ከመነሣታችን በፊት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ስለነበር ነገሩ ያለቀለት መሰለን።

አላለቀም። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የምንለው ወረቀት በመሠረቱ የአገር ቤቱን ፈቃድ በሌላ ቋንቋ የሚያስነብብ ትርጉም ነው፤ የሚጠቅመውም ለጎብኚ ነው። እኛ ግን ጎብኚዎች አልነበርንም፤ ኑሯችንን ይዘን የመጣን ነዋሪዎች ነን። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ደግሞ አዲስ ነዋሪ በአገሩ ፈቃድ እንዲነዳ የሚፈቅደው ለ60 ቀን ብቻ ነው። ይህን ያወቅነው በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ አንድ ወዳጃችን ለምሳ ቤቱ ጠርቶን በጨዋታ መሐል ሲያነሣው ነው። ባለቤቴ በጣቱ ቆጠረ። ስድሳው ቀን አልፎ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ልጆቹን ከኋላ አስቀምጦ ከወዳጃችን በተዋሰው መኪና ያመጣን እሱ ነው።

ምንም አልደረሰብንም። ግን ቢደርስስ? ፈቃድ የሌለው ሰው በሰው መኪና ላይ አደጋ ቢያደርስ የመድን ድርጅቱ ምን ይላል? ያን ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ ሁለታችንም አልተነጋገርንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ የምትሄዱበት አገር ስንት ቀን እንደሚሰጣችሁ ከመነሣታችሁ በፊት እወቁ። አንዱ አገር እንደ ሌላው አይደለም። ጀርመን ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ ስድስት ወር ትሰጣለች። እንግሊዝ አሥራ ሁለት ወር ትሰጣለች፤ መንገዱ ግን በግራ ነው፤ ፈተናውን በአውቶማቲክ መኪና ካለፋችሁም የሚፈቀድላችሁ አውቶማቲክ መንዳት ብቻ ነው። አሜሪካ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በዋሽንግተን ዲሲ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል። ወንድማችሁ በሚኖርበት አገር የሚሠራው ሕግ እናንተ በምትሄዱበት ላይሠራ ይችላል።

ወደ እኛ ልመለስ። ኦንታሪዮ ውስጥ መንጃ ፈቃድ በሦስት ደረጃ ይሰጣል፤ ጂ ዋን፣ ጂ ቱ እና ሙሉው ጂ። ጂ ዋን የሚገኘው በጽሑፍ ፈተና ነው። ጥያቄዎቹ አርባ ናቸው፤ ሃያው ስለ ምልክቶች፣ ሃያው ስለ ሕጉ። ከእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አሥራ ስድስቱን መመለስ ያስፈልጋል። ጂ ዋን ይዛችሁ ብቻችሁን መንዳት አትችሉም። አጠገባችሁ ቢያንስ የአራት ዓመት ልምድ ያለው ባለ ሙሉ ፈቃድ መቀመጥ አለበት። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ጂ ዋን ስለነበርን አንዳችን ለአንዳችን አንበቃም ነበር። የሁለታችን ልምድ ተደምሮ ከሠላሳ ዓመት ሊበልጥ ምንም አልቀረውም፤ የስንዴ ዱቄትና ወተት ግን በአውቶቡስ እናመላልስ ነበር።

ጀማሪ ሰው ከደረጃ ወደ ደረጃ ለመሻገር ወራት መጠበቅ አለበት። ከሌላ አገር ልምድ ይዞ የመጣ ሰው ግን ከሃያ አራት ወር በላይ እንደነዳ በደብዳቤ ካስመሰከረ ጥበቃው ይቀርለታል። ደብዳቤው ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ወይም ከኤምባሲ መምጣት አለበት። ቆጣሪው ጋ ያለችው ሴት በትሕትና «ደብዳቤውን ይዘሻል?» ስትለኝ የአገር ቤቱን ፈቃዴን አወጣሁና አሳየኋት። «ይኼ አሁን ፈቃድ እንዳለሽ ይናገራል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደያዝሽው አይናገርም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ፈቃዴ በየጊዜው ስለታደሰ የመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ አልነበረም።

አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴ ጉዳዩን ተረከበች። ደግነቱ ቤቱን እንድታስተዳድርልን ከመነሣታችን በፊት ውልና ማስረጃ ሄደን ውክልና ሰጥተናት ነበር። ያ ውክልና ባይኖር ደብዳቤውን ማን ይሰጣት ነበር? ከሥራዋ እየቀረች ተመላልሳ አወጣችው፤ አረጋገጠችው፤ በፖስታ ላከችው። እኔም ይዤው ሄድኩ። ሴትዮዋ አንብባ ፊቷ ላይ ግራ መጋባት አየሁ። «ፈቃድሽ እኮ ከአምስት ዓመት በፊት አብቅቷል» አለችኝ።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ቀኑ ግን በእኛ አቆጣጠር ነበር። የፈቃዴ ማብቂያ 2017 ይላል፤ ለእኔ ገና ጊዜ ይቀረዋል። ለእሷ ግን ዘመኑ 2022 ስለሆነ 2017 ድሮ ያለፈ ነው። ስለ አሥራ ሦስት ወራችን ላስረዳት ሞከርኩ። ፈገግ ብላ ሰማችኝ፤ ፋይል ላይ የሚገባው ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። እህቴ እንደገና ተመላለሰች። ሁለተኛው ደብዳቤ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ሄደ።

ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ አራት ነገር ተመልከቱ። ስማችሁ ከነአያታችሁ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው ፊደል አንድ በአንድ ይመሳሰል። የመጀመሪያው ፈቃድ የተሰጠበት ቀን ይኑር። የፈቃዱ ቁጥር፣ ደረጃና ማብቂያ ይጻፍ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ፤ ወይም ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይቀመጥ። ይህን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አንብቡ። ወደ ቤት ወስዳችሁ ብታነቡት አንድ ቀን ይበላችኋል፤ እንደኛ ውጭ አገር ሆናችሁ ብታነቡት ደግሞ ስድስት ሳምንት።

የመንገድ ፈተናውን ነገር ላሳጥረው። ወደቅኩ። በመጀመሪያው ቀን፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ልምዴ፣ ወደቅኩ። የቁም ምልክት ጋ ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ግራ ቀኝ አይቼ አለፍኩ። እኔ ቆሜያለሁ ብዬ ነበር፤ ፈታኙ ግን ጎማው መሽከርከር እንዳላቆመ አይቷል። መስመር ስቀይርም በመስታወት ብቻ አየሁ፤ አንገቴን አዙሬ መስታወት የማያሳየውን ጎን አላየሁም። ከዚያ በኋላ የቀጠርኩት አሠልጣኝ ኤርትራዊ ነበር፤ «እህቴ፣ መንዳቱን ታውቂበታለሽ፤ እኛ የምናስተምርሽ መፈተኑን ነው» አለኝ። አራት ሰዓት ትምህርት ወስጄ በሁለተኛው አለፍኩ። ከአንድ ዕቃው መንዳት በስተቀር ስለ ትምህርት ቤት አውቶቡስ የነገረኝ ብቻ ገንዘቡን ያወጣል፤ ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ከቆመ፣ መሐል ላይ አካፋይ በሌለው መንገድ ከፊት ለፊት የሚመጣውም መኪና መቆም አለበት።

አሁን ወደ መድኑ። እኛ አገር የመኪና ኢንሹራንስ ስንገዛ የምንጠየቀው ስለ መኪናው ነው። የሦስተኛ ወገኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ ተለጣፊውን መስታወታችን ላይ እንለጥፋለን። አቅም ያለው ከዚያ በላይ ሙሉውን ይገባል፤ አረቦኑም በአብዛኛው ከመኪናው ዋጋ ላይ በመቶኛ ይሰላል። እዚህ ግን ከመኪናው ይልቅ የሚመዘነው ነጂው ነው። ስንት ዓመትሽ ነው? ፈቃዱን ከያዝሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ? የት ሰፈር ትኖሪያለሽ? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነጃለሽ? ከዚህ በፊት የትኛው ድርጅት መድን ሰጥቶሽ ያውቃል? ለመጨረሻው ጥያቄ ወረቀት ካላቀረባችሁ መልሱ «ማንም» ይሆናል። የዐርባ ዓመቷ ሴት በዋጋ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር ትሰለፋለች።

የመጀመሪያው ድርጅት ለሁለታችን በወር 540 ዶላር ጠየቀን። መኪናው ደግሞ የስምንት ዓመት አሮጌ ነው። ያለ መድን መንዳት አይታሰብም፤ በኦንታሪዮ ለመጀመሪያ ጥፋት ቅጣቱ ከ5,000 ዶላር ይነሣል፤ እስከ 25,000 ይደርሳል። እህቴ ለሦስተኛ ጊዜ ተላከች፤ ከአዲስ አበባው የመድን ድርጅታችን የዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ አወጣች። ብዙዎቹ ድርጅቶች አልተቀበሉትም። የካናዳና የአሜሪካ ታሪክ ብቻ ነው የሚቆጥሩት። ለተለያዩ ድርጅቶች የሚሠራ አንድ የመድን ደላላ ግን የሚቀበል አገኘልን፤ ዋጋው ወደ 395 ወረደ። የበረዶ ጎማ ስንገጥም ደግሞ ትንሽ ተቀነሰ። ደላላው የሚከፈለው ከድርጅቱ ኮሚሽን ስለሆነ እኛ ለአገልግሎቱ አልከፈልንም።

በዚህ መሐል አንድ ወዳጃችን ሌላ መንገድ አሳየን። ከከተማው ሁለት ሰዓት ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ይኖራል። «አድራሻውን በእኔ ቤት አድርጉት፤ ከሦስት መቶ በታች ይሆንላችኋል፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለን። ለእኛ አዝኖ ነው፤ ክፋት የለበትም። አልዋሻችሁም፤ ባለቤቴና እኔ ሁለት ሌሊት አስበንበታል። በወር የሚተርፈው ገንዘብ የልጆቹ የክረምት ልብስ ነበር። በመጨረሻ ያስተወን ጨዋነታችን ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። በእንግድነት አገር የመጀመሪያው ፊርማችን ውሸት ላይ እንዲያርፍ አልፈለግንም።

ለሌላው ስሕተታችን ግን ያስጠነቀቀን አልነበረም። ደላላው ምን ዓይነት ሽፋን እንደምንፈልግ ሲጠይቀኝ በልበ ሙሉነት «ኮምፕሪሄንሲቭ» አልኩት። አዲስ አበባ ላይ ኮምፕሪሄንሲቭ ማለት ሙሉ ማለት ነው። ብትጋጩም፣ ብትገለበጡም፣ ብትሰረቁም ይሸፍናል። እሱም የጠየቅኩትን ሰጠኝ። «ኮሊዥን ይጨመር?» ብሎ በኢሜይል ጽፎልኝ ነበር፤ ሙሉውን ገዝቼ ምን ይጨመራል ብዬ፣ ዋጋ ሊያስወጣኝ ነው ብዬ «አይ» አልኩ።

በጥምቀት ሰሞን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ አንድ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ ፍሬን ያዝኩ። መኪናው አልቆመም። አስፋልቱ እርጥብ እንጂ በረዶ አይመስልም ነበር። በጣም በዝግታ፣ ምንም ማድረግ ሳልችል፣ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተገናኘሁ። ልጆቹ ጮኹ፤ ከዚያ ሳቁ። ማንም አልተነካም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለድርጅቱ ስደውል ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «መኪናው ሌሊት የሚያድረው የት ነው?» የሚል ነበር። የቤታችንን አድራሻ ነገርኩት። ስልኩን የያዘው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ያን ወዳጃችንን ሰምተን ቢሆን ኖሮ ምን እንደምመልስ አሰብኩ። በሐሰት መረጃ የተገዛ መድን ካሳውን ሊያስከለክል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ድርጅት ማግኘት ይከብዳል።

ቀጥሎ ሰውዬው ምሰሶውን እነሱ እንደሚያሠሩት ነገረኝ፤ ያ የሦስተኛ ወገን ነው። «የእኔስ መኪና?» አልኩት። «ኮሊዥን የለሽም።» «ኮምፕሪሄንሲቭ አለኝ።» በትዕግሥት አስረዳኝ። እዚህ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚሸፍነው ስርቆትን፣ እሳትን፣ የወደቀ ዛፍን፣ የተሰበረ መስታወትን ነው። ነድታችሁ የምትጋጩት ግን ኮሊዥን በሚባል ለብቻው በሚገዛ ሽፋን ውስጥ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ውቅያኖሱን አብሮን አልተሻገረም። መኪናውን ለማሠራት 3,800 ዶላር ከኪሳችን ከፈልን። ስሕተቱም በስሜ ተመዝግቦ አረቦኔ ላይ ለዓመታት ተከተለኝ።

ስለዚህ የመድን ውል ስትፈርሙ የሽፋኑን ስም ሰምታችሁ አትለፉ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ «እኔ ራሴ አጥፍቼ ብጋጭ መኪናዬን ማን ያሠራል? ቢሰረቅስ? ሌላ ሰው ብጎዳስ እስከ ስንት ይከፈላል? ከኪሴ የሚወጣው ኤክሰስ ስንት ነው?» በኦንታሪዮ ለሦስተኛ ወገን በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛው መጠን 200,000 ዶላር ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮን ይገባል፤ የዋጋው ልዩነት የሚፈራውን ያህል አይደለም። መልሱን ደግሞ በጽሑፍ ተቀበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም የእኛን ባሕል ይነካል። እኛ ቤት መኪና የቤተሰብ ነው። የእህት ልጅ ሲመጣ ቁልፉን አንሥቶ ይወጣል። እዚህ ግን አብሯችሁ የሚኖር መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ለድርጅቱ መነገር አለበት። መድኑም የሚከተለው መኪናውን ነው። መኪናችሁን ያዋሳችሁት ሰው ቢያጠፋ የሚጨምረው የእናንተ አረቦን ነው። የባለቤቴ የእህት ልጅ እኛ ዘንድ ሦስት ወር ሲቀመጥ ቁልፉን ስከለክለው ንፉግ የሆንኩ መሰለኝ። በኋላ ስሙን አስመዘገብን፤ ልዩነቱን ራሱ ከፈለ፤ ፍቅራችንም እንዳለ ቆየ። ወርኃዊ ክፍያውንም አታሳልፉ። ባንካችሁ ውስጥ ገንዘብ ጠፍቶ ውላችሁ ቢሰረዝ፣ «ባለመክፈል የተሰረዘ» የሚለው ቃል ወደሚቀጥለው ድርጅት ይከተላችኋል።

አሁን ሁለታችንም ሙሉ ፈቃድ አለን። ካናዳ ውስጥ የተጻፈ ታሪክም አለን፤ በየዓመቱ ዋጋው ትንሽ ትንሽ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ አሥራ ሦስት ዓመቴን የቀሙኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ማንም አልቀማኝም። ልምዴ ጭንቅላቴና እጄ ውስጥ ነበር፤ ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል ቦታ ላይ ግን አልተጻፈም ነበር። የማያውቃችሁ ሰው የሚያምናችሁ በወረቀታችሁ ነው።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። ቪዛው ወጥቶለታል። «በርበሬ ስንት ኪሎ ላምጣልሽ?» አለኝ። «አምስት ኪሎ» አልኩት፤ «ግን መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ።» ሁለቱን ደብዳቤ፣ ስሙን ከነአያቱ፣ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ለእህታችን የሚተወውን ውክልና አንድ በአንድ አስጻፍኩት። «ይኼ ሁሉ ለመኪና ነው?» ብሎ ሳቀ።

ትናንት የሁለቱን ደብዳቤ ፎቶ ላከልኝ። አጉልቼ ቀኖቹን አነበብኩ። አንዱ ላይ የአያታችን ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። «ነገ ጠዋት ተመለስና አስተካክል» ብዬ ጻፍኩለት። አሁንም አዲስ አበባ ስለሆነ የሚፈጅበት አንድ ጠዋት ብቻ ነው።